ሁለት ሕግ፣ ሁለት ንዳድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ፣ የርብን ወንዝ ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት ይፋግን ያገኛል። ዛሬ ብዙው መኪና ሳይቆም የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። ድሮ ግን ሳይቆሙ የሚያልፏት አልነበረችም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአገራችን የተዘዋወሩ አውሮፓውያን ተጓዦች «ኢፋግ» እያሉ ስሟን በየማስታወሻቸው ያሰፈሩት በገበያዋ ምክንያት ነው። በጎንደርና በበጌምድር መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ እየተቆጠረ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርባት ቦታ ነበረች። መንገደኛ ደግሞ ዕቃ ብቻ ይዞ አይመጣም። ወሬም ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴም በሽታ።

የሕክምና ሰዎች የይፋግን አካባቢ፣ ማለትም የሊቦ ከምከምን ወረዳ፣ የሚያነሡት በዚህ በመጨረሻው ነገር ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በወረዳው ሰው ሲጨርስ የቆየ አንድ ትኩሳት እውነተኛ ስሙ ታወቀ። ሐኪም ቤት የሄደው ሁሉ «ወባ» እየተባለ ሲታከምለት የነበረው ሕመም ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ወር ሌላም ነገር ተከናውኗል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ ከሌሎች ብዙ ነገሮች ጋር፣ ሰነድን የሚለውጥ፣ የሚሠርዝ፣ የሚደልዝና የሚያጠፋ ሰው ምን እንደሚደርስበት ይደነግጋል። የሐኪም መዝገብም ሰነድ ነው።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወር የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ይሁን እንጂ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥያቄውን ለእኛ ይተወዋል። የበሽተኛው መዝገብ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂው ማነው? የተሳሳተው ሰውና ስሕተቱን ለመሸፈን መዝገቡን የሚፍቀው ሰው በሕግ ዓይን እኩል ናቸውን? ለመሆኑስ ከሁለቱ ሕዝብን የበለጠ የሚጎዳው የትኛው ነው?

ወንጀል ከመሆኑ በፊት ውግዘት ነበር

መዝገብ መፋቅ ለአገራችን አዲስ ኃጢአት አይደለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ሕዝብ፣ የተጻፈን ነገር የሚነካ እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈራው መገመት አያስቸግርም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት የገለጠ ሰው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያገኛል። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ሰው በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። ሌባውና ፋቂው በአንድ ውግዘት የሚታሰሩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሌባው መጽሐፉን ይወስዳል፤ ፋቂው ግን መጽሐፉን እዚያው አስቀምጦ እውነቱን ይወስዳል።

ነገሩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም። በጎንደር ዘመን የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭና የውርስ ክርክር የሚጻፈው በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የውል መዝገብ ቤት ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት ስም በካራ ጫፍ ብትፋቅ የአንድ ቤተሰብ መሬት ትሄዳለች። የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው የገባበት ብራና ዛሬም ቢሆን ይገኛል። የፋቀው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፋቂው ሊያጠፋው ያልቻለው የካራው ጠባሳ ግን ከብራናው ላይ አልለቀቀም።

እዚህ ላይ አንድ የጸሐፊዎች ልማድ ማንሣት ያስፈልጋል። የብራና ጸሐፊም እንደ ማንኛውም ሰው ይሳሳታል። ቃል ይዘላል፣ ወይም አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይጽፋል። የዘለለውን ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጎ ይጨምረዋል። የተረፈውን ደግሞ ከላይና ከታች ጥቃቅን ጭረት ያደርግበታል፤ አንባቢው ቃሉ እንደተሠረዘ ያውቃል፣ የተሠረዘውን ቃል ግን ማንበብ ይችላል። ይህ እርማት ነው። በካራ ፍቆ ሌላ መጻፍ ግን፣ ፊተኛው ቃል ምን እንደነበረ እንዳይታወቅ ለማድረግ ሲውል፣ ማጭበርበር ነው። የዛሬው የሕክምና ትምህርት ስለ በሽተኛ ካርድ የሚያስተምረው ከዚህ የተለየ አይደለም። የተሳሳትከውን በአንድ መስመር ሠርዝ፣ የተሠረዘው ይነበብ፣ ትክክለኛውን ጻፍ፣ ቀኑን አኑርና ፈርም ይላል። ሁለቱ ሥርዓቶች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ሕግና የመጀመሪያው ንዳድ

ከውግዘት ወደ ወንጀል የተደረገው ጉዞ ረጅም ነው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ቀጥሎም የጄኔቫው የሕግ ምሁር ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ባዘጋጁት ረቂቅ መነሻነት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ፤ ሥራ ላይ የዋለውም ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሕግ ሰነድን የሚመለከተው በማስረጃነቱ ነው። አንድን ነገር ለማስረዳት የሚችል ጽሑፍ ሁሉ ይጠበቃል። ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠር አንድ ወንጀል ነው። እውነተኛውን ሰነድ በመጨመር፣ በመቀነስ ወይም በመለወጥ ማበላሸትም ወንጀል ነው። ፊርማውና ማኅተሙ እውነተኛ ሆኖ በውስጡ የተጻፈው ነገር ውሸት ከሆነም እንዲሁ። ሰነዱን መደበቅ፣ መቅደድና ማጥፋትም አይቀርም። አድራጊው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ነገሩን የፈጸመው በሥራው ላይ በተሰጠው ሥልጣን ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ በመንግሥት ሐኪም ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው የበሽተኛን ካርድ ቢደልዝ የሚጠየቀው እንደ ተራ ሰው ብቻ አይደለም። ሕዝብ አምኖ ያስቀመጠበትን አደራ የበላ ሰው ሆኖ ነው።

አንድ ነገር ግን አብሮ ይነሣል። ሕጉ የሚቀጣው ሐሳቡንም መርምሮ ነው። የሌላውን መብት ወይም ጥቅም ለመጉዳት፣ ወይም ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት አስቦ ካልሆነ በቀር፣ የተሳሳተ ነገር የጻፈ ሁሉ ሐሰተኛ አይባልም።

እንግዲህ ይህ ሕግ ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ወር፣ ከሰኔ 1950 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ወባ ቆላን እንጂ ከፍተኛ ቦታን አይደፍርም የሚባለው እምነት ፈረሰ። ወረርሽኙ የመታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው። ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ብዙም ከፍ የማይለው የይፋግና የፎገራ ሜዳ ከፍታ በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ፎንቴይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት እንደገመቱት 3 ሚሊዮን ሰው ታሟል፤ 150,000 ሰው ሞቷል።

ቁጥሮቹ ድፍን ናቸው። ድፍን የሆኑትም የተቆጠሩ ሳይሆን የተገመቱ ስለሆኑ ነው። አብዛኛው ሟች ሐኪም ሳያየው፣ ስሙ በየትም መዝገብ ሳይሰፍር ተቀበረ። ልብ በሉ፤ በዚያ ዓመት መዝገብ የሚፍቅን ሰው የሚቀጣ ጥሩ ሕግ በአገሩ ነበረ። የሚፋቅ መዝገብ ግን አልነበረም።

እርግጥ ጅማሮው ታይቷል። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው መግደሉ ይነገራል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከበስተጀርባው ይህ እልቂት ነበር። ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በየአውራጃው ሲሰማሩ ከመድኃኒቱ ሣጥን ጋር አንድ ወፍራም ደብተርም ይዘው ነበር የሚሄዱት። ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ ሕመም፣ የተሰጠ መድኃኒት። በገጠር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ከግብርና ከክስ መዝገብ ሌላ በሆነ ነገር ስሙ ሲጻፍ ለብዙው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያ ደብተር አንድ ነገር አስተማረ፤ አንድ ነገርም አስለመደ። ማስተማሩ በሽታ የሚቆጠር ነገር መሆኑን ነው። ማስለመዱ ደግሞ፣ በዚያ አገር የሚያንቀጠቅጥና የሚያተኩስ ሁሉ ከሞላ ጎደል «ወባ» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ንዳድ ሲባል ወባ ማለት ሆነ።

ሁለተኛው ሕግና ሁለተኛው ንዳድ

ከዚህ ተነሥተን ወደ ሊቦ ከምከም እንመለስ። የአካባቢው ወጣት ገበሬ ክረምትና መኸር ሲመጣ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ይወርዳል። ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ጥጥ ይለቅማል። የአገሩ መሬት ጠቧልና የወቅት ሥራ የብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ ነው። በዚያ ቆላ ካላዛር ከቆየ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። የሚያስተላልፈው በጣም ትንሽ የሆነ፣ የአሸዋ ዝንብ የሚባል ነፍሳት ነው፤ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈርና የግራር ጥላ ይስማማዋል። በሽታው ከገባበት ሰው ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቀውም፤ ሰውነቱ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ሳይታከም ከቀረ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል።

ወባም ያተኩሳል። ወባም ደም ያሳንሳል። ወባም ጣፊያ ያሳብጣል። በዚያ ላይ ካላዛር የቆላ በሽታ እንጂ በሊቦ ደጅ የሚያድር መሆኑን የጠረጠረ ብዙ አልነበረም። ስለዚህ በሽተኛው ጤና ጣቢያ ሲመጣ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል። አይሻለውም። ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይሰጠዋል። መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ሰው ይሞት ነበር፤ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የተቀበረበት ጊዜም ነበረ።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርመራው ተለወጠ፤ ካላዛር መሆኑም ተረጋገጠ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና ጀመረ። ሕክምናው ለወር ያህል በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበር። ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የታከሙትን ሕሙማን ካርድ አንድ በአንድ የመረመሩ ተመራማሪዎች የወረርሽኙን ታሪክ ጻፉት። ከሕሙማኑ እኩሌታው ከ18 ዓመት ያልበለጡ ነበሩ። ከመቶው 77.6 ያህሉ ወንዶች ናቸው። ሕክምና ካገኙት መካከል ከመቶው 6.5 ያህሉ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ወረርሽኙ የተፋፋመው በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ሁለት ወረዳዎችን አዳርሶ ኋላ ላይ የአካባቢው ነባር በሽታ ሆኖ ቀርቷል። ሌላ ጥናት ደግሞ ሌሊት ውጭ፣ በግራር ዛፍ ሥር የሚተኛ ሰው ከሌላው ይበልጥ እንደሚጠቃ አሳየ። ከብት ሲጠብቅ ደጅ ለሚያድር ወጣት ይህ ተራ ወሬ አይደለም፤ የሞትና የሕይወት ምክር ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው ከየት ነው? ከካርድ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የመጣበት ቀን፣ የዳነበት ወይም የሞተበት ቀን በትክክል ስለተጻፈ ነው።

እስቲ ደግሞ የቀድሞዎቹን መዝገቦች እናስብ፤ «ወባ» የሚል የተጻፈባቸውን። የጻፈው ጤና ረዳት ተሳስቷል። ግን አልዋሸም። ያየውን፣ የመሰለውንና የሰጠውን መድኃኒት ጽፏል። «ወባ ተባለ፣ የወባ መድኃኒት ተሰጠው፣ አልተሻለውም፣ ተመለሰ» የሚል መስመር ሲደጋገም፣ ከዚያ ቀበሌ ሲበዛ፣ ከቆላ ሥራ በተመለሱ ወጣቶች ላይ ሲታይ፣ መስመሩ ራሱ ምስክር ይሆናል። የተሳሳተ ስም የያዘ፣ ነገር ግን ያልተነካ መዝገብ፣ አንድ ቀን እውነቱን ያወጣል።

አሁን ደግሞ ነገሩን እንገልብጠው። በሽታው ካላዛር መሆኑ በታወቀ ማግስት አንድ ሰው «እንዴት ሳታውቁ ቀራችሁ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ፈርቶ ወደ ካርድ ክፍል ቢገባና «ወባ» የሚለውን ቃል በሌላ ቢለውጥ፣ ወይም የሟቾቹን ካርድ ቢያወጣ ምን ይሆን ነበር? ይህ በሊቦ ተደረገ አልልም፤ ተደርጓል የሚል ነገርም አልሰማሁም። ቢደረግ ኖሮ ግን በሽታው መቼ እንደገባ፣ ከየትኛው መንደር እንደተነሣ፣ ስንት ሰው በተሳሳተ መድኃኒት እንዳለቀ የሚነግረን አንድም ነገር አይኖርም ነበር። የሞቱት ሁለተኛ ጊዜ ይሞቱ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. ሕጉ ነበረ፣ መዝገቡ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ሕጉም መዝገቡም ነበሩ፤ የጎደለው ትክክለኛው ስም ነበር። ስም ይታረማል። የተፋቀ መዝገብ ግን አይታረምም።

ሐኪምና ሾፌር

የ1997ቱን የወንጀል ሕግ ስንገልጥ ከቀድሞው ብዙ የራቀ አይደለም። ጥፋት ሳይኖር ቅጣት የለም ይላል። ሆን ብሎ ሰነድ የሚለውጠውን በሐሰት ወንጀል ይቀጣል። በቸልተኝነት ሰው የገደለውን በሌላ ድንጋጌ ይይዘዋል፤ በዚያም ላይ ሐኪምንና ሾፌርን በአንድ መስመር ጠርቶ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ እንደሚከብድ ይናገራል።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛ በእጁ የሞተበት ባለሙያ ሌሊቱን ብቻውን ካርዱን ይዞ ሲቀመጥ የሚታየው ያ ድንጋጌ ነው። ምናልባት ጥፋት የለበትም። ምናልባት ስሕተት ሠርቷል፤ ስሕተቱ ግን ሌላው ሐኪምም የሚሳሳተው ዓይነት ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አየሁት» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ያልለካውን የደም ግፊት ለክቻለሁ ብሎ ቢሞላ፣ የሚድን ይመስለዋል። ይህን ሲያደርግ ግን በቸልተኝነት እንኳ ያስጠይቀው እንደሆነ ካልተረጋገጠ ነገር ወጥቶ፣ ሆን ተብሎ ወደሚፈጸም ወንጀል ገባ። ከዝናቡ ሸሽቶ ወንዝ ውስጥ እንደመግባት ነው።

ሌላው ዓለምም ይህን ያውቃል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ፣ ለማጭበርበር አስቦ የማንኛውንም ሰው የሕክምና መዝገብ የለወጠ ወይም ሐሰተኛ መዝገብ የፈጠረ ሰው ወንጀለኛ ነው ሲል ለይቶ ደንግጓል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሃሮልድ ሺፕማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ዓ.ም. 15 በሽተኞቹን በመግደል ጥፋተኛ ሲባል፣ ካጋለጡት ነገሮች አንዱ የገዛ መዝገቡ ነው። በሞርፊን የገደላት ሴት የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ እንድትመስል ከሞተች በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ የፊት ቀን እየሰጠ ማስታወሻ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ ግን ማስታወሻው በእርግጥ የተጻፈበትን ቀንና ሰዓት በልቡ ይዞ ኖሯል። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ የተገደሉት 215 መሆናቸውን አረጋገጠ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረታችን እዚያም ሠራ። የብራናው ጠባሳና የኮምፒዩተሩ ሰዓት አንድ ሥራ ነው የሠሩት።

ሺፕማን ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ ከእርሱ ጋር የሚነጻጸር ሰው ጥቂት ነው። በእኛ ከተሞች ዕለት ዕለት የሚያጋጥመው ሐሰት ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ግን የሚበዛ ነው። ያልታመመ ሰው የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ ወረቀት አለ። በጠብ የተመታ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይዞት የሚሄደው የሐኪም ማስረጃም አለ። ጉዳቱ «ከባድ» ወይም «ቀላል» መባሉ የተከሳሹን የእስራት ዓመታት የሚወስን ስለሆነ፣ በዚያች ወረቀት ላይ ያለች አንዲት ቃል ሰውን ታስራለች፣ ትፈታለች። ዕድሜዋ ለጋብቻ ያልደረሰች ልጅ «ደርሳለች» የምትባልበት የዕድሜ ምርመራ ወረቀትም አለ። በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ልጅ ያለዕድሜ መዳር የቆየ ልማድ በሆነበት አገር፣ ይህች ወረቀት የአንዲት ልጅ የትምህርት ዘመን ናት። እንደ ውለታ የምትሰጥ፣ እንደ ቀላል ነገር የምትታይ ወረቀት ከወንጌል ኅዳግ ላይ ከተፋቀችው ስም በምን ትለያለች?

ከላይ የሚመጣ ፍቅፋቂ

ነገሩን ሁሉ በታችኛው ጤና ባለሙያ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። መዝገብ ከላይም ይበላሻል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ብዙ አካባቢ አጣዳፊ ተቅማጥ ሲነሣ፣ በይፋ የሚነገረው ስም «አተት» ነበር። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በተነሡት ወረርሽኞችም ይኸው ስም ለዓመታት ቆየ። በ2011 ዓ.ም. ግን ኮሌራ በስሙ ተጠራ። «አተት» የሚለው ቃል ውሸት አይደለም። በሽተኛው ተቅማጥና ትውከት አለበት። ነገር ግን ሕመምን በምልክቱ መጥራት በስሙ ከመጥራት ያነሰ ነው። የዓለም መንግሥታት ኮሌራን በስሙ ለመጥራት የሚፈሩበት ምክንያትም የታወቀ ነው፤ ንግድ ይከለከላል፣ እንግዳ ይቀራል፣ ስም ይጠፋል። ፍርሃቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የወንጀል ሕጉ ክንድ ያጥራል። ሥርዝ ድልዝ የለም፤ የተፋቀ ቃል የለም፤ የሚከሰስ እጅም የለም። ቃሉ ከመጻፉ በፊት ነው የተለወጠው። በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ሰው ግን ትምህርቱን ወስዷል። ትክክለኛውን ስም መጻፍ የሚያስመሰግን ሳይሆን የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ ነገ በራሱ ስሕተት ላይ ምን ያደርጋል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት የተነገረው ለበሽተኛው ነበር። ለመዝገቡም ይሠራል።

ቅጣቱ ይጥበቅ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ለሚፍቀው፣ ለሚቀደው፣ በገንዘብ ለሚሸጠው ቅጣቱ አይበዛበትም። ሆኖም ሕጉ በአንድ እጁ ፋቂውን ሲመታ በሌላው እጁ በቅንነት የተሳሳተውን ካልጠበቀ፣ ያው ቅጣት ራሱ ሰውን ወደ ካራው ይገፋዋል። ተሳስቻለሁ ብሎ በአንድ መስመር የሚሠርዝና ስሙን የሚፈርም ባለሙያ እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ታማኝ ምስክር መታየት አለበት። በየአገሩ የበሽተኛ ካርድ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ባለበት በዛሬው ዘመን ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የተለወጠበትን ሰዓት ሊይዝ ይችላል፤ ድፍረትን ግን ለጸሐፊው አይሰጠውም።

የሊቦ ካላዛር ዛሬም ከአካባቢው አልጠፋም። ወጣቱም ወደ ቆላ መውረዱን አላቆመም። ከሁመራ ወይም ከመተማ ተመልሶ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ልጅ በይፋግ ወይም በአዲስ ዘመን ካርድ ሲያወጣ፣ ጤና ረዳቱ አሁን «ወባ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ ጣፊያውንም ይዳስሳል። ይህን ጥያቄ ያስተማሩት በተሳሳተ ስም ታክመው የሞቱት ሰዎች ናቸው። ያን ያህል ካስተማሩን፣ ስማቸው በተጻፈበት ገጽ ላይ ማንም ካራ እንዳያነሣ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።